ብርሃን ከእሳት ሲለይ

ድሮ አምፖል ሲቃጠል ምርመራው ቀላል ነበር። ነቅሎ ጆሮ አጠገብ ነቅነቅ ማድረግ ነው፤ ውስጡ ያለው ሽቦ ተበጥሶ ቅጭል ቅጭል ካለ አበቃለት። በቅርቡ ባሕር ዳር፣ ሰባታሚት በሚገኘው ቤቴ የሳሎኑ አምፖል ድንገት ሲጠፋ እጄ በልማድ ያንኑ አደረገ። ድምፅ የለም። ነጩን ቆብ ጠምዝዤ ሳነሳው አንዲት ክብ የብረት ሰሌዳ ላይ አሥራ ሁለት ቢጫ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል፤ ከምስር ፍሬ አይበልጡም። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ላይ ቁንጫ የምታህል ጥቁር ነጥብ አለች። ሰፈራችን ውስጥ ስልክና ሬዲዮ የሚጠግነው ልጅ አየት አድርጎ፣ «ጋሼ፣ አምፖሉ አልሞተም እኮ፤ አንዱ ነው የሞተው። ግን እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው ስለሚሠሩ አንዱ ሲበጠስ ሁሉም ይጠፋሉ» አለኝ።

ያቺ ጥቁር ነጥብ ነች ይህን ዳሰሳ ያስጻፈችኝ። ኤልኢዲ የሚባለው አምፖል ቤታችን ከገባ ሰንብቷል። ባሕር ዳር ውስጥ የቀድሞውን ባለ ሽቦ አምፖል ፈልጎ ማግኘት አሁን ከባድ ነው። ካርቶኑ ላይ ብዙ ተስፋ ተጽፏል፤ ኃይል ይቆጥባል፣ ዓመታት ይቆያል፣ ዓይን አያስቸግርም ይላል። የትኛው እውነት ነው? እውነት የሆነውስ በኛ ቤት፣ በኛ መስመር፣ በኛ ገበያ ላይ ምን ያህሉ ይተርፋል?

መጀመሪያ አንድ ነገር ልበል። ሰው ጨለማን ያሸነፈው ለሺህ ዓመታት በአንድ ዘዴ ብቻ ነበር፤ አንድ ነገር አግሎ በማብራት። የምድጃው እሳት፣ ጧፉ፣ ሻማው፣ ኩራዙ፣ ፋኖሱ ሁሉም እሳት ናቸው። ባለ ሽቦው አምፖልም ቢሆን ጠርሙስ ውስጥ የታሰረ እሳት ነው ማለት ይቻላል። ቀጭኑ የተንግስተን ሽቦ እስከ 2,500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይግልና ነጭ እስኪሆን ይነዳል። ከሚበላው ኤሌክትሪክ ውስጥ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ አምስት እጅ ያህል ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ባለ 60 ዋት አምፖል አጠገብ እጁን ያስጠጋ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ፍሎረሰንትና ከእሱ የወጣው ጥምዝምዙ ኃይል ቆጣቢ አምፖል ከዚህ መንገድ ወጣ ብለዋል። የሜርኩሪ ተን ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፈው፣ ከዚያ የሚወጣውን የማይታይ ጨረር በመስታወቱ ላይ በተቀባው ዱቄት ወደሚታይ ብርሃን ይለውጣሉ። አገራችን ይህን አምፖል በደንብ ታውቀዋለች። በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. መብራት በፈረቃ ሲታደል በነበረበት ዘመን፣ የያኔው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በዓለም ባንክ ድጋፍ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ኃይል ቆጣቢ አምፖሎችን በአሮጌው ባለ ሽቦ አምፖል እየለወጠ አድሏል። ጥሩ ሥራ ነበር። ችግሩ አምፖሉ ሲሰበር ከውስጡ ጥቂት ሚሊግራም ሜርኩሪ መውጣቱ ነው። ሜርኩሪ መርዝ ነው፤ እኛ ደግሞ የተሰበረ አምፖል የምንጥልበት የተለየ ቦታ አልነበረንም።

ኤልኢዲ መንገዱን ከነአካቴው ቀየረው። ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ ከኛ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ጢስ እሳት ፏፏቴ አለ። ዓባይ ከገደሉ ሲወረወር ውኃው ከፍ ካለ ቦታ ወደ ዝቅተኛ ቦታ ይወድቃል፤ የወደቀበት ኃይል ጢስ የሚመስለውን ርጭት ያስነሳል። ኤልኢዲ ውስጥም ገደል አለ። ሁለት ዓይነት ሰሚኮንዳክተር፣ ማለትም ኤሌክትሪክ በከፊል የሚያሳልፍ ቁስ፣ ተጣብቀዋል፤ በአንደኛው ወገን ኤሌክትሮን ተትረፍርፏል፣ በሌላኛው ወገን ኤሌክትሮን የሚጎድላቸው ባዶ ቦታዎች አሉ። ኤሌክትሪኩ ሲገፋቸው ኤሌክትሮኖቹ ድንበሩን ይሻገሩና ወደ ባዶዎቹ ቦታዎች ይወድቃሉ። ሲወድቁ የሚለቁት ኃይል ብርሃን ሆኖ ይወጣል። የሚነድ ነገር የለም፤ የሚግል ሽቦም የለም።

የብርሃኑን ቀለም የሚወስነው የገደሉ ከፍታ ነው። ገደሉ አጭር ከሆነ ቀይ ይወጣል፤ ረጅም ከሆነ ሰማያዊ። ቀዩ ቀድሞ መጣ፤ ኒክ ሆሎኒያክ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1962 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ውስጥ ሲሠራ ነው ለዓይን የሚታይ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ የሠራው። ከዚያ በኋላ የሬዲዮና የካልኩሌተር ጠቋሚ መብራት ሁሉ ቀይና አረንጓዴ ሆነ። ቤት ለማብራት ግን ነጭ ያስፈልጋል፤ ነጭን ለማግኘት ደግሞ ሰማያዊ የግድ ነው። ለዚያ የሚሆነው ጋሊየም ናይትራይድ የተባለ ውህድ እንከን የሌለው ሆኖ አልሠራ ብሎ ተመራማሪዎችን ሠላሳ ዓመት አለፋ። ብዙዎቹ ተስፋ ቆርጠው ሲተዉት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ የተባሉ ሦስት የጃፓን ተወላጆች አልተዉትም። ናካሙራ ይሠራ የነበረው በአንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ሳይሆን በጠቅላይ ግዛት በሚገኝ ኒቺያ በተባለ ኩባንያ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብሩህ ሰማያዊ ተገኘ፤ ሦስቱም እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋሩ። ለአምፖል ኖቤል ሲሰጥ ይበዛበታል ያለ ሰው ካለ፣ በኩራዝ ያጠና ሰው ይጠይቅ።

አሁን ወደዚያች ቢጫ ነጠብጣብ ልመለስ። ቢጫው ነገር ቀለም ብቻ አይደለም፤ ፎስፈር የተባለ ዱቄት ነው። ከሥሩ ሰማያዊ ኤልኢዲ አለ። ሰማያዊው ብርሃን ዱቄቱን ሲመታው ከፊሉ ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ከፊሉ ሰማያዊ እንደሆነ ያልፋል፤ ሁለቱ ተደባልቀው ዓይናችን ላይ ነጭ ይሆናሉ። ዱቄቱ ወፈር ካለና ቀይ የሚያወጣ ዓይነት ከተጨመረበት ብርሃኑ ሞቅ ያለ ቢጫማ ይሆናል፤ ከሳሳ ወደ ሰማያዊ ያደላል።

ከአምፖሉ አንገት ውስጥ ደግሞ ሌላ ሰሌዳ አለ። ከግድግዳው የሚመጣው 220 ቮልት በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ የሚመላለስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ነው፤ ኤልኢዲ ደግሞ በአንድ አቅጣጫ የሚሄድ፣ መጠኑ የተቆጠረ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። ይህን የሚያስተካክለው ድራይቨር ይባላል። በርካታ አምፖሎችን የሚገድለው የእሱ ድካም ነው፤ በተለይ በሙቀት ውስጡ የሚደርቀው ትንሹ በርሜል መሳይ ካፓሲተር። ብርሃኑ ከእሳት ተለየ ማለት ሙቀት የለም ማለት አይደለም። ጥሩ ኤልኢዲም ቢሆን ከሚወስደው ኃይል ከግማሽ በላዩ ሙቀት ይሆናል። ልዩነቱ ሙቀቱ እንደ አሮጌው አምፖል በጨረር ወደ ውጭ አለመውጣቱ ነው፤ በጀርባው በኩል በብረት ተመርቶ መውጣት አለበት። ስለዚህ አንገቱ ላይ አሉሚኒየም ያለው፣ በእጅ ሲይዙት ከበድ የሚል አምፖል ይቆያል፤ እንደ ላባ የቀለለው ደግሞ ራሱን ይቀቅላል። በተዘጋ የመስታወት ሽፋን ውስጥ የሚታሰር አምፖልም ቶሎ ይሞታል። «25,000 ሰዓት» ተብሎ ካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነፋስ ለሚያገኝ፣ መስመሩ ለማይዋዥቅ አምፖል ነው። ባለ ሽቦው 1,000 ሰዓት፣ ኃይል ቆጣቢው 8,000 ገደማ ይቆዩ ስለነበር ግማሹን ብናገኝ እንኳ ትርፋችን ብዙ ነው።

ወጪውን በኪሎዋት ሰዓት ላስላው። አራት አምፖል ያለው ቤት እያንዳንዱን በቀን አምስት ሰዓት ቢያበራ፣ ባለ 60 ዋቶቹ በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበላሉ። ተመሳሳይ ብርሃን፣ በብርሃን መለኪያው 800 ሉመን ገደማ፣ የሚሰጡ ባለ 9 ዋት ኤልኢዲዎች 5.4 ብቻ። በወር 30 ኪሎዋት ሰዓት ይተርፋል። ታሪፉ በእርከን ስለሆነና የመጀመሪያው እርከን 50 ኪሎዋት ሰዓት ላይ ስለሚያበቃ፣ ይህ ትርፍ አንድን ቤት ከላይኛው እርከን ሊያወርደው ይችላል። ታሪፉም ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ስለተወሰነ ትርፉ እየከበደ ይሄዳል።

ነገር ግን ሐቁን መናገር አለብኝ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤት አምፖል ስለለወጠ ብቻ ሒሳቡ ወረደ ብሎ አይደነቅ። አንድ ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል፤ አራት መቶ የሚጠጉ ኤልኢዲ አምፖሎች በአንድ ላይ ቢበሩ ማለት ነው። በሳምንት ሁለቴ ሁለት ሁለት ሰዓት የሚጋግር ቤት በወር ከ55 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ለእንጀራ ብቻ ያወጣል። ስለዚህ ኤልኢዲን በሒሳብ ወረቀት ብቻ የሚመዝነው ሰው ዋናውን ጥቅሙን ያጣዋል። ለእኔ ትልቁ ትርፍ ሌላ ቦታ ነው ያለው።

አንዱ ጣና ላይ ነው። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ውኃውን ከሐይቁ በመሿለኪያ ወስዶ ከ300 ሜትር በላይ ያወርደዋል፤ 460 ሜጋዋት ለማመንጨት በሴኮንድ 160 ሜትር ኪዩብ ያህል ይፈልጋል። ሲካፈል አንድ ኪሎዋት ሰዓት ማለት አንድ ሜትር ኪዩብ ከሩብ የጣና ውኃ ነው፤ ባለ 200 ሊትሩ በርሜል ስድስት ጊዜ ተሞልቶ። አራት አምፖል የለወጠው ያ ቤት በወር የሚያተርፈው 190 በርሜል ውኃ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ በጀመረው በጢስ ዓባይ አንድ፣ ከፍታው 50 ሜትር በማይሞላው ማመንጫ ብናሰላውማ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከዚህ ብዙ እጥፍ ውኃ ይጠይቃል። በእርግጥ መስመሩ አገር አቀፍ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ፣ ጊቤው፣ ተከዜው ሁሉ በአንድ ሽቦ ይገናኛሉ፤ የኔ አምፖል የበላው ውኃ ከየት እንደወረደ ነጥሎ መናገር አይቻልም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2003 የሐይቁ ከፍታ ክፉኛ ወርዶ ጀልባዎች እንደልብ መንቀሳቀስ ተስኗቸው እንደነበር የባሕር ዳር ሰው ያስታውሳል። ለዚያ ከዝናቡ እጥረት ጋር ለጢስ ዓባይ ሁለት ማመንጫ የተለቀቀው ውኃ ምክንያት ነበር። ኤሌክትሪክና ሐይቅ እዚህ አገር ዘመዳሞች ናቸው።

ሌላው ትርፍ የሚታየው ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሰባታሚት ከተማውና ገጠሩ የሚገናኙበት ነው፤ ቤቱ በየወሩ ይጨምራል፣ ትራንስፎርመሩ ግን ያው ነው። ከጎረቤት ቆጣሪ ሽቦ ስቦ የሚጠቀመው ጥቂት አይደለም። ሁሉም ራት ሲሠራ ኃይሉ ይደክማል። ባለ ሽቦው አምፖል ያን ጊዜ እንደ ብርቱካን ይደምን ነበር፤ ፍሎረሰንቱ ብልጭ ድርግም እያለ መነሣት ያቅተው ነበር። ደኅና ድራይቨር ያለው ኤልኢዲ ግን ከ100 ቮልት በታች እስኪወርድ ድረስ ብርሃኑን ሳይቀንስ ይሠራል። ልጆች የቤት ሥራቸውን ጨርሰው ይተኛሉ። ይህ በገንዘብ አይተመንም።

መብራት ሲጠፋ የሚያገለግለው ባትሪ ያለበት አምፖልም ኤልኢዲ ትንሽ ኃይል የመብላቱ ፍሬ ነው። መስመር ሲኖር ይሞላል፣ ሲጠፋ በራሱ ይበራል። በባለ ሽቦው ዘመን አንገት ውስጥ በምትገባ ባትሪ ቤት ማብራት አይታሰብም ነበር። መብራት ሲመለስ ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ኃይሉ ብዙ ጊዜ ዘሎ ይመጣል። እኔ ሲጠፋ ማብሪያ ማጥፊያውን ዘግቼ፣ ከተመለሰ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ነው የምከፍተው።

ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን መስመር ባልደረሰበት ቤት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የታደሰው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እስከ 2025 ድረስ 65 ከመቶውን ሕዝብ በዋናው መስመር፣ 35 ከመቶውን በሶላርና በመሳሰሉት ለማዳረስ አቅዶ ነበር፤ ዕቅዱ አልሞላም፣ ዛሬም ብዙ ገጠር በጨለማ ነው። ኩራዝ የሚሰጠው 10 ሉመን ገደማ ነው፤ አንድ ዋት የሚበላ ትንሽ ኤልኢዲ ግን 100 ሉመን ይሰጣል። አንድ ዋት ከመጽሐፍ የማትበልጥ የሶላር ሰሌዳ ታመጣዋለች። ሶላር ገጠር የገባው ፀሐይ አዲስ ስለወጣች አይደለም፤ አምፖሉ ትንሽ መብላት ስለጀመረ ነው።

ከኛ ሰፈር ወደ ገጠሩ ወጣ ብሎ የምትኖር አንዲት እናት ቤት በክረምት ገብቼ ነበር። ጣሪያዋ ሥር ያለው ምሰሶ፣ ኩራዙ ይንጠለጠልበት ከነበረው ምስማር በላይ፣ አንድ ክንድ ያህል ጥላሸት ይዟል። «ልጄ፣ ጠዋት ስንነሣ አፍንጫችን ጥቁር ነበር። እኛማ ጉንፋን ይመስለን ነበር» አለችኝ። ላምባ በለስላሳ ጠርሙስ ተቀምጦ ውኃ መስሎት የጠጣ ሕፃን፣ ኩራዝ ተገልብጦ የተቃጠለ ሕፃን የሌለበት ቀበሌ ማግኘት ይቸግራል። ኤልኢዲ ለዚህች እናት ቁጠባ አይደለም፤ ደኅንነት ነው።

ስለ ቀለሙ ጥቂት ልበል፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት እዚህ ላይ ነው። ገበያችን ነጩን፣ በብርሃን ቀለም መለኪያው 6,500 ኬልቪን የሚለውን ይመርጣል። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ለብዙ ዓመት ቢጫ ብርሃን ማለት ኃይል የደከመበት ብርሃን ማለት ስለነበር ቢጫ ስናይ ድህነት ይመስለናል። ነገር ግን ነጩ ሰማያዊ ይበዛበታል። ሰማያዊ ብርሃን አንጎላችንን ገና ቀን ነው ብሎ ስለሚያሞኘው እንቅልፍ ያርቃል። መኝታ ቤት 2,700 ወይም 3,000 የሚለው ይሻላል፤ ወጥ ቤትና የጥናት ጠረጴዛ ላይ ወደ 4,000 ቢጠጋ አይከፋም። ለሐይቅ ዳር ሰው ሌላም ምክንያት አለ። ነፍሳት የሚሳቡት በአልትራቫዮሌትና በሰማያዊ ብርሃን ነው። የቤት ኤልኢዲ አልትራቫዮሌት የለውም ማለት ይቻላል፤ ቢጫው ደግሞ ሰማያዊውም ያንሰዋል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል አሸን በሚፈላበት ምሽት በረንዳዬ ላይ ነጩንና ቢጫውን ጎን ለጎን አብርቼ አይቻለሁ፤ ከነጩ ሥር ያለው ወለል ጠዋት በክንፍ ተሸፍኖ ተገኘ፤ ቢጫው ሥር በእጅ የሚቆጠር ነበር። የወባ ትንኝ ግን የምትከተለው የሰውን ትንፋሽና ጠረን ነውና አጎበርን አምፖል አይተካውም።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ነገር አለ፤ ማጥፊያው ተዘግቶ አምፖሉ በጨለማ ፍዝ ብሎ የሚበራው ለምንድን ነው? መንፈስ አይደለም፤ ኤልኢዲ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ስለሚበቃው ነው። ብዙ ጊዜ ኤሌክትሪሽያኑ ማጥፊያውን በኃይሉ ሽቦ ላይ ሳይሆን በኒውትራሉ ላይ ሠርቶት ይገኛል። ይህ ለአምፖሉ ብቻ ሳይሆን አምፖል ለሚለውጥ ሰው እጅም አደገኛ ነው፤ ማስተካከል ይገባል።

ገበያው ላይ ርካሽ አምፖል እንደ አሸን ፈልቷል። «15 ዋት» ተብሎ ተጽፎበት በመለኪያ ሲታይ ሰባት ዋት የማይሞላ ገጥሞኛል። ዋትን ትቶ ሉመን የተጻፈበትን መፈለግ፣ ክብደቱን በእጅ መመዘን፣ ሱቁ ውስጥ አስበርቶ በስልክ ካሜራ ማየት ይጠቅማል። ካሜራው ላይ ጥቁር መስመሮች ከተራወጡ አምፖሉ በሴኮንድ መቶ ጊዜ እየተርገበገበ ነው፤ ዓይን ባያየውም ራስ ምታት ያለበት ሰው ይሰማዋል። ዋስትና የሚሰጥ ባለሱቅ ካለ ጥቂት ብር ቢጨመርለት አይቆጭም።

ልጁ ያንን አምፖል ጠግኖልኛል። የሞተውን ነጠብጣብ ፍቆ በብየዳ ጠብታ ሁለቱን ጫፍ አገናኘውና አሥራ አንዱ በሩ። «ግን ጋሼ፣ የአንዱን ሸክም የተረፉት ይካፈሉታል፤ ብዙ አይሄድም» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ነፋስ እንዲያገኝ በረንዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አንገቱ ላይ ቀኑን በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ።